ግሡ የት ይቀመጣል? ከጀማሪው ኮርስ በኋላ ስላለው የሆላንድኛ ሰዋስው



በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን የሆላንድኛን የመጀመሪያ ደረጃ ያለፍን ነን። ስማችንን፣ የመጣንበትን አገር፣ የልጆቻችንን ቁጥር ሳንደናቀፍ እንናገራለን። ገበያ ወርደን ቲማቲም በኪሎ እንገዛለን፤ ለሐኪሙ የሚያመንን ቦታ እንነግራለን። ጭንቁ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያት ማስረዳት፣ ቅሬታ ማቅረብ፣ «ባውቅ ኖሮ» ማለት፣ ከኸሜንተ (ከማዘጋጃ ቤት) የመጣ ደብዳቤ አንብቦ መረዳት ሲያስፈልገን ቃላቱን አንድ በአንድ እያወቅናቸው ዓረፍተ ነገሩ አልገጥም ይለናል። መምህሩም የሚያርመን በአብዛኛው አንድ ነገር ነው፦ ግሡ ያለ ቦታው ተቀምጧል።

የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መለኪያ የቋንቋ ችሎታ ከኤ1 እስከ ሲ2 በስድስት ደረጃ ይከፈላል። ኤ1 እና ኤ2 የጀማሪ ናቸው፤ ቢ1 የደረሰ ሰው ራሱን ችሎ ይናገራል ይባላል። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኢንቡርኸሪንግ (አዲስ ገቢዎች ከኅብረተሰቡ ጋር የሚዋሐዱበት) ሕግ ለአዲስ ገቢዎች ያስቀመጠውን ዋና ግብ ከኤ2 ወደ ቢ1 ከፍ አድርጎታል። ሕጉ ወጣቶችን ወደ ትምህርት ቤት የሚያስገባ መንገድም፣ መማር እጅግ ለሚከብዳቸው ራስን በመቻል ላይ የሚያተኩር መንገድም አለው፤ መደበኛው ግብ ግን ቢ1 ነው። ከኤ2 ወደ ቢ1 ያለው ርቀት ታዲያ ቃላት በመሸምደድ ብቻ አይሞላም። መሃል ላይ ያለው ትልቁ ሥራ አንዱን ዓረፍተ ነገር በሌላው ውስጥ ማስገባት ነው። በዚህ ሥራ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ከሚያስበው በላይ ስንቅ ይዞ ነው የመጣው። ስንቁን ሳይፈታ የሚቸገረው ሆላንድኛን በእንግሊዝኛ በኩል አዙሮ ስለሚማር ነው።

ወደ ምሳሌዎቹ ከመግባቴ በፊት ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ልበል። የሆላንድኛ ቃላትን በፊደላችን ስጽፍ ከጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ በ«ኸ» ቤት አስቀምጣለሁ። ፊደላችን ለዚህ ድምፅ የተዘጋጀ ቤት ስላለው ዕድለኞች ነን።

አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር በቅርብ እንይ። «ወንድሜ ነገ በባቡር ወደ ኡትሬኽት እንደሚሄድ አውቃለሁ» ማለት ፈለግን እንበል። ሆላንዳዊው «ኢክ ዌት ዳት ሜይን ብሩር ሞርኸን ሜት ደ ትሬይን ናር ኡትሬኽት ኻት» ይላል። «ኢክ ዌት» አውቃለሁ ነው፤ «ዳት» የእኛን «እንደ» ይተካል። ከ«ዳት» በኋላ ያለውን ብቻ ቆርጠን ከአማርኛው ጎን እናስቀምጠው፦

ሜይን ብሩር / ሞርኸን / ሜት ደ ትሬይን / ናር ኡትሬኽት / ኻት

ወንድሜ / ነገ / በባቡር / ወደ ኡትሬኽት / ይሄዳል

አንድም ነገር ቦታውን አልለቀቀም። ባለቤቱ ፊት ነው፤ ከዚያ ጊዜው፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ ቦታው፣ በመጨረሻ ግሡ። መምህራን «መጀመሪያ ጊዜ፣ ቀጥሎ ሁኔታ፣ ቀጥሎ ቦታ» እያሉ በሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ሕግ ለእኛ የእናታችን ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ግን ግሡን ከባለቤቱ ጎን አስቀምጦ ቦታውን፣ መጓጓዣውንና ጊዜውን በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይደረድራል። ስለዚህ ይህን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አስቦ ወደ ሆላንድኛ የሚያሻግር ኢትዮጵያዊ ሁለት ጊዜ ይገለብጣል፤ በአማርኛ ያሰበ አንድም ጊዜ አይገለብጥም።

ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ያን ኮስተር የተባሉ የኔዘርላንድ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጽሑፍ ሆላንድኛ በመሠረቱ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግስ የሚል ቅደም ተከተል ያለው ቋንቋ ነው ብለው ተከራክረዋል። የግሡ ቤት መጨረሻው ላይ ነው፤ በዋናው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለተኛ ቦታ ላይ የምናየው ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ፊት ስለመጣ ነው። ይህን ሐሳብ የያዘ ተማሪ እንደ ተበታተኑ ሕጎች ሆነው የሚያስጨንቁት ብዙ ነገሮች አንድ ሕግ ሆነው ይታዩታል።

እንግዲህ ዋናውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። «ሜይን ብሩር ኻት ሞርኸን ሜት ደ ትሬይን ናር ኡትሬኽት።» መጨረሻ ላይ የነበረው «ኻት» ተነሥቶ ሁለተኛ ሆነ፤ ሌላው ሁሉ ባለበት ነው። «ነገ»ን ማስቀደም ብንፈልግ «ሞርኸን ኻት ሜይን ብሩር ሜት ደ ትሬይን ናር ኡትሬኽት» እንላለን። ግሡ ሁለተኛነቱን አልለቀቀም፤ ለ«ሞርኸን» ቦታ የለቀቀው ባለቤቱ ነው። «ሞርኸን ሜይን ብሩር ኻት» የሚለው የጀማሪ ስሕተት የሚመጣው ከእንግሊዝኛ ልማድ ነው። እዚህ ላይ አማርኛም አያድነንም፤ በአማርኛ ግሡ ምንጊዜም መጨረሻ ነውና። ስለዚህ የሚጨመርብን አዲስ ትምህርት አንዲት ናት፦ በዋናው ዓረፍተ ነገር፣ ለባለቤቱ የተረባው ግስ ብቻ፣ ወደ ሁለተኛው ቦታ።

«ብቻ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ግስ ካለው አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ቤቱን ይጠብቃል። «ወንድሜ ነገ በባቡር ወደ ኡትሬኽት መሄድ ይፈልጋል» ስንል «ሜይን ብሩር ዊል ሞርኸን ሜት ደ ትሬይን ናር ኡትሬኽት ኻን» ነው። «ዊል» ወጣ፤ «ኻን» መጨረሻው ላይ ቀረ። ያለፈውን ስንናገርም «ሜይን ብሩር ኢስ ኺስተረን ሜት ደ ትሬይን ናር ኡትሬኽት ኸኻን» እንላለን። «ኢስ» ወጣ፤ «ኸኻን» ቀረ። ሆላንዳዊ ሲናገር ዋናውን ቃል መጨረሻ ላይ እስኪጥልልን ድረስ መጠበቅ አለብን ብለን እናማርራለን። ግን ማን ይማረር! እኛ ራሳችን አንድ ደቂቃ ሙሉ አውርተን «አደረገ» ይሁን «አላደረገም» ለመጨረሻዋ ቃል የምናስቀምጥ ሰዎች ነን።

ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባስ? «ስለታመምኩ ዛሬ አልሠራም» የሚለውን እንውሰድ። «ኦምዳት ኢክ ዚክ ቤን፣ ወርክ ኢክ ቫንዳኽ ኒት።» «ኦምዳት» ማለት «ስለ» ነው፤ የጥገኛው ሐረግ ግስ «ቤን» በመጨረሻ ቤቱ ተቀምጧል። ሐረጉ በሙሉ አንደኛውን ቦታ ስለያዘ የዋናው ግስ «ወርክ» ወዲያው ይከተላል፤ ባለቤቱ «ኢክ» ከኋላው ይመጣል። በነጠላ ሰረዙ ግራና ቀኝ ሁለት ግሶች ይገናኛሉ። ይህ መገናኘት ጥሩ የመመርመሪያ ምልክት ነው፤ በሐረግ የጀመራችሁት ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለቱ ግሶች ካልተገናኙ አንዱ ጠፍቶባችኋል ማለት ነው። በአማርኛ «ስለ» በግሡ ራስ ላይ ይለጠፋል፤ በሆላንድኛ ግን «ኦምዳት»፣ «ዳት»፣ «አልስ»፣ «ቱን» ከሐረጉ ራስ ላይ ይቆማሉ። የመግቢያው ቃል ቦታ ተቀየረ እንጂ ግሡ አልተቀየረም። አንድ ወጥመድ አለ፦ «ዋንት» የሚለው ቃል ትርጉሙ ወደ «ኦምዳት» የቀረበ ቢሆንም ከእነ «ኤን»ና «ማር» ጋር እኩያ ዓረፍተ ነገሮችን የሚያያይዝ ነው፤ ግሡን ወደ መጨረሻ አይሰድም። «ዋንት ኢክ ቤን ዚክ» ይባላል። ጀማሪዎች መጨረሻውን ስለሚፈሩ ዕድሜ ልካቸውን «ዋንት» እያሉ ይኖራሉ። እኛ መጨረሻውን የምንፈራበት ምክንያት የለንም።

ተለያዪ ግሶች የሚባሉትም ከዚሁ ሕግ ይወጣሉ። «ኦፕቤለን» ስልክ መደወል፣ «አንኮመን» መድረስ፣ «ኢንቩለን» ቅጽ መሙላት፣ «ሜኔመን» ይዞ መሄድ ነው። መዝገበ ቃላት ላይ አንድ ቃል ሆነው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ይሰነጠቃሉ። «ደ ትሬይን ኮምት ኦም ኔኸን ኡር ኢን ኡትሬኽት አን»፤ ባቡሩ በ9 ሰዓት ኡትሬኽት ይደርሳል። «ኮምት» ወደ ሁለተኛው ቦታ ሲወጣ «አን» እዚያው ቀረች፤ የግሡን የቀድሞ ቤት የምታሳይ ምስክር ናት። በጥገኛው ሐረግ ግሡ ከቤቱ ስለማይወጣ «ዳት ደ ትሬይን ኦም ኔኸን ኡር ኢን ኡትሬኽት አንኮምት» ተብሎ አንድ ላይ ይኖራል። ስለዚህ የተለያዪ ግሶችን ዝርዝር ከነ ልዩ ልዩ መልካቸው መሸምደድ አያስፈልግም፤ ግሡ ወጣ ወይስ አልወጣ የሚለው ጥያቄ መልሱን ይሰጣል። ሆኖም የሚለያየውን ከማይለያየው መለየት ጆሮ ይጠይቃል። «ቮርኮመን» የሚለው አንድ ጽሕፈት ሁለት ግስ ነው። የድምፅ ጭነቱ «ቮር» ላይ ሲያርፍ ማጋጠም ማለት ሆኖ ይሰነጠቃል፦ «ዳት ኮምት ቫክ ቮር»፣ ያ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ጭነቱ «ኮ» ላይ ሲያርፍ መከላከል ማለት ሆኖ አይሰነጠቅም፦ «ዌይ ቮርኮመን ብራንት»፣ ቃጠሎ እንከላከላለን። ይህን የሚያስቸግር የሚያደርገው ጽሑፉ ጭነቱን አለማሳየቱ ነው። እኛም «አለ» ብለን ስንጽፍ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የሚለየው «ለ» መላላቷ ወይም መጥበቋ ነው፤ ጽሑፉ አያሳይም፣ አንባቢው ግን አይሳሳትም። እንዲህ ያለውን ልዩነት መስማት ለለመደ ጆሮ የሆላንድኛው ጭነት ሩቅ አይደለም።

ያለፈው ጊዜ ላይ ሌላ ዘመድ እናገኛለን። በጥገኛ ሐረግ ውስጥ «መሥራቱን» ለመናገር «ዳት ሄይ ኸወርክት ሄፍት» ወይም «ዳት ሄይ ሄፍት ኸወርክት» ይባላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የቋንቋ ምሁራን በቀበልኛ ካርታ ላይ በተቀቡበት ቀለም የመጀመሪያውን አረንጓዴ፣ ሁለተኛውን ቀይ ቅደም ተከተል ይሏቸዋል። አረንጓዴው የእኛ ነው፤ «ሠርቷል» ስንል «ሠርቶ» ቀድሞ ረዳቱ «አለ» ይከተላልና። ቀዩን ስትሰሙ አትደንግጡ፤ ለመናገር ግን በአረንጓዴው ብትጀምሩ ማንም አያርማችሁም።

ረዳቱ «ሄበን» ይሁን «ዜይን» የሚለው ምርጫ ብዙ ተማሪ ያስጨንቃል። ከቦታ ወደ ቦታ መድረስን ወይም ከሁኔታ ወደ ሁኔታ መለወጥን የሚናገሩ ግሶች «ዜይን» ይወስዳሉ፤ አብዛኛው ሌላ ግስ «ሄበን»። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው አንዱ ግስ ሁለቱንም ሲወስድ ነው። «ኢክ ሄፕ ትዌ ኡር ኸፊትስት»፤ ሁለት ሰዓት ብስክሌት ነዳሁ። «ኢክ ቤን ናር ዴልፍት ኸፊትስት»፤ በብስክሌት ወደ ዴልፍት ሄድኩ። መድረሻ ሲጠራ ረዳቱ ይለወጣል። የአጻጻፉን መጨረሻ «ት» ወይም «ድ» ለመወሰን ተማሪዎች «ሶፍት ኬቸፕ» የሚለውን ቃል ይይዛሉ፤ የግሡ ሥር ከዚህ ቃል ተነባቢዎች በአንዱ ካለቀ «ት»፣ አለዚያ «ድ» ነው። «ወርከን» «ወርክተ» ይሆናል፤ «ዎነን» ግን «ዎንደ»። ልብ በሉ፣ የሚታየው የመነሻው ግስ ድምፅ ነው፤ «ሌቨን» ሲያልፍ በ«ፍ» ቢጻፍም መነሻው «ቭ» ስለሆነ «ሌፍደ» ነው።

አፍራሹ ቃል «ኒት»ም ግሡ ያለበትን ቤት ካወቅን በቀላሉ ቦታውን ያገኛል። «ኢክ ሄፕ ሄት ቡክ ኒት ኸሌዘን»፤ መጽሐፉን አላነበብኩም። «ኢክ ቤል የ ሞርኸን ኒት ኦፕ»፤ ነገ አልደውልልህም። በሁለቱም «ኒት» በመጨረሻው የግስ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሟል። የሚሄድበት ቦታ ሲኖር ግን ከመስተዋድዱ ፊት ይቆማል፦ «ኒት ናር ኡትሬኽት»። ስሙ ያልታወቀ ነገር ሲሆን «ኒት» ቀርቶ «ኼን» ይመጣል፦ «ኢክ ሄፕ ኼን ቴይት»፣ ጊዜ የለኝም።

ሆላንድኛ የሚያስተምር ሁሉ የሚፈራት ትንሽ ቃል «ኤር» ናት። ብዙ ሥራ አላት፤ ሁለቱን ብቻ ላንሣ። የመጀመሪያው ለእኛ ቅርብ ነው። «ኢክ ዴንክ ኤሮቨር ና» ማለት «አስብበታለሁ» ማለት ነው። «አስብበታለሁ» ውስጥ ያለችው «-በት» መስተዋድድና ተውላጠ ስም በአንድነት ናቸው፤ «ኤሮቨር» ደግሞ «ኤር» የተባለ ተውላጠ ስምና «ኦቨር» የተባለ መስተዋድድ በአንድነት ናቸው። እኛ በግሡ ሆድ ውስጥ እንከታቸዋለን፤ እነሱ ከግሡ ውጭ ያቆማሉ። «ተኛበት»፣ «ከፈለበት»፣ «ተናደደበት» በምንልበት ብዙ ቦታ ሆላንዳዊው ከመስተዋድድ ጋር የተቀጠለ «ኤር» ይፈልጋል። ሁለተኛው ግን በአማርኛ የለንም። «ስንት ልጆች አሉዎት?» ሲባሉ «ሦስት አሉኝ» ይበቃናል፤ በሆላንድኛ «ኢክ ሄፕ ኤር ድሪ» ማለት ግድ ነው። ቁጥር ብቻውን ሲቀር ስሙን የምትተካ «ኤር» ትፈለጋለች። ይህን በሰዋስው ማብራሪያ ሳይሆን በመደጋገም ነው የምንይዘው፤ ዳቦ ቤት ስትገቡ «ዱት ኡ ኤር ማር ትዌ»፣ «ሁለት ያድርጉልኝ» ማለትን ልመዱ።

«አለ» የምትለው ግሳችን ሁሉን ትችላለች፤ መጽሐፉም፣ ጠርሙሱም፣ ቁልፉም «አለ»። ሆላንዳዊ ግን ዕቃው እንዴት እንዳለ ይናገራል። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ «ሊኽት»፣ ተጋድሟል። ጠርሙሱ «ስታት»፣ ቆሟል። ቁልፉ ቦርሳ ውስጥ «ዚት»፣ ተቀምጧል። ካፖርቱ «ሃንኽት»፣ ተሰቅሏል። ሳህንም መቀመጫ ስላለው ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ይቆማል። «ኢስ» ቢሉ ይገባቸዋል፤ ሆላንድኛ የሚመስለው ግን በእነዚህ ሲነገር ነው።

ከስም ፊት ስለሚቆሙት «ደ»ና «ሄት» ብዙ አልቆይም፤ አብዛኛው ስም «ደ» ነው፣ የትኛው «ሄት» እንደሆነ ግን ከስሙ ጋር መያዝ ይሻላል። የሚጠቅመው የሚያስከትለውን ማወቅ ነው። «ኧን ኒወ ፊትስ»፣ አዲስ ብስክሌት፤ «ኧን ኒዩ ቡክ»፣ አዲስ መጽሐፍ። የ«ሄት» ስም ነጠላ ሆኖ «ኧን» ወይም «ኼን» ሲቀድመው ቅጽሉ መጨረሻውን ይጥላል፤ ሲታወቅ ግን «ሄት ኒወ ቡክ» ተብሎ ይመለሳል። አንድ ስም «ሄት» ነው ካላችሁ በሐረጉም «ዳት» ይከተላል፦ «ሄት ቡክ ዳት ኢክ ሌስ»። «ደ» ከሆነ «ዲ»፦ «ደ ፊትስ ዲ ኢክ ኮፕ»። ሁለቱም የሚያበቁት በግስ መሆኑን ታያላችሁ። የማሳነሻ ቃል ሁሉ፣ በ«የ» የሚያልቀው፣ ምንጊዜም «ሄት» ነው፤ ሴት ልጅ እንኳ «ሄት ሜይሽየ» ናት። ይህ የሚያስቅ አይምሰለን። እኛም ትንሽ ወይም የምንወደውን ዕቃ «ይህች ጠረጴዛ»፣ «ቤቷ» ብለን በሴት አንቀጽ እንጠራለን። ማነስ ጾታን የሚያሸንፍበት ቋንቋ እነሱ ብቻ የላቸውም።

ሰዋስው የሚያበቃው ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ላይ አይደለም፤ ሰውን የማያስቀይም ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «ኼፍ ሄት ዛውት» ቢሉ ጨው ስጪኝ ማለት ነው፤ ግን ትእዛዝ ይመስላል። «ኤቨን» ሲጨመርባት ትለዝባለች። «ዋኽት ኤቨን» ማለት «ትንሽ ቆይ» ነው። «ኬይክ ኧንስ» «እስኪ እይ» ነው። «የ ኮምት ቶኽ?» «ትመጣለህ አይደል?» ነው። «ኢክ ሄፕ ሄት ዌል ኸዳን» «ኧረ አድርጌዋለሁ» ነው። «እስኪ»ን፣ «ኮ»ን፣ «እንጂ»ን፣ «በል»ን ከአማርኛ አውጡና ቀኑን ሙሉ ለመናገር ሞክሩ፤ ትክክል ትናገራላችሁ፣ ቤተሰባችሁ ግን ምን ሆናችሁ ብሎ ይጠይቃችኋል። ሆላንዳዊውም ያለ «ኤቨን»ና ያለ «ማር» የሚናገር እንግዳ ሲሰማ ይህንኑ ይሰማዋል። በአክብሮት ረገድ «ኡ» እንደ «እርስዎ»፣ «የይ» እንደ «አንተ»ና «አንቺ» ነው፤ ወንድና ሴት አይለይም፣ ለ«እሳቸው»ም የተለየ ቃል የለም። እኛ ከእርስዎ በቶሎ አንወርድም፤ የሥራ አለቃ ግን በመጀመሪያው ሳምንት «ዜኽ ማር የይ» ሊላችሁ ይችላል። «ግድ የለም፣ አንተ በለኝ» ማለት ነው፤ ንቀት አይደለም፣ ሰውየው በራሱ ልማድ አቅርቧችኋል።

አሁን ወደሚያስፈራው ወደ ቢሮ ደብዳቤ ልመለስ። ከብዙዎቹ አንድ ሐረግ እነሆ፦ «ሄት ዶር ኡ ኦፕ 3 ማርት ኢንኸቩልደ ፎርሙሊር»። ጀማሪ «ሄት» ካየ በኋላ ስሙን ፈልጎ ያጣል፤ «ዶር ኡ» ምን ሊሠራ መጣ ይላል። በአማርኛ አንብቡት፦ «በእርስዎ በማርች 3 ቀን የተሞላው ቅጽ»። «ዶር ኡ» በእርስዎ፣ «ኦፕ 3 ማርት» በማርች 3፣ «ኢንኸቩልደ» የተሞላው፣ «ፎርሙሊር» ቅጽ። ገላጩ ሁሉ ከስሙ ፊት ተደርድሯል፤ እኛ «የ» እያልን ቀኑን ሙሉ የምናደርገው ነው። ሆላንዳውያን ራሳቸው ይህን «የጉጠት አሠራር» ይሉታል፤ ስለ ቀላል አጻጻፍ የሚመክሩ ሰዎች ያከብደዋልና ተዉት ይላሉ። ለእኛ ግን ከደብዳቤው ሁሉ የቀለለው ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ከኋላ ወደ ፊት ሳንሄድ፣ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ስለምንረዳው።

አማርኛ የሚያሳስትበትም ቦታ አለ፤ እሱንም መናገር ተገቢ ነው። «ሄድኩ» ውስጥ «እኔ» አለ፤ በሆላንድኛ «ኢክ» ካልተባለ ባለቤት የለም። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ «ሄት ሬኸንት» ተብሎ ባዶ ባለቤት ይቆማል። የእኛ ተሳቢ በግሡ ላይ ተለጥፎ «አየሁት» ይሆናል፤ የእነሱ ለብቻው ይቆማል። ከሁሉ ይልቅ ቀጠሮ የሚያበላሸው ሰዓት ነው። «ሃልፍ ድሪ» ማለት ሦስት ሰዓት ተኩል ሳይሆን ወደ ሦስት ግማሽ የቀረው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ቀን ከሆነ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሁለቱን ስሌት አንድ ላይ በአእምሮ ከመሥራት ቀጠሮውን በቁጥር አጽፎ መያዝ ይሻላል።

እንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ብቻ ልመክር። አንደኛ፣ ልጆች ካሏችሁ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የሚተላለፈውን የልጆች ዜና «ዮኽትዡርናል»ን አብራችሁ ተመልከቱ። ቋንቋው ጥሩ፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ጉዳዩ የእውነት ነው። በየዜናው «ኦምዳት»ንና «ዳት»ን ስትሰሙ መጨረሻ የሚመጣውን ግስ ከተናጋሪው ቀድማችሁ ለመናገር ሞክሩ። ሁለተኛ፣ ጥያቄ ሲገጥማችሁ ለመምህር ብቻ አትተዉት፤ እ.ኤ.አ. በ1984 መጀመሪያ የታተመው የሆላንድኛ ትልቅ ሰዋስው ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል። ኔዘርላንድና ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ1980 ያቋቋሙት፣ ሱሪናምም በ2004 የተቀላቀለችው የቋንቋ ኅብረት ደግሞ ከአንትወርፐን እስከ ፓራማሪቦ ለሚነገረው ቋንቋ የጋራ አጻጻፍ ያወጣል። ፍላንደርስ ያላችሁ ከሮተርዳም የተለየ ብትሰሙ ሌላ ቋንቋ አልገባችሁም፤ የግሡ ቤት እዚያም ያው ነው። ሦስተኛ፣ ሆላንዳውያን ስንደናቀፍ ፈጥነው ወደ እንግሊዝኛ የሚዞሩት ሊረዱን ብለው ነው፤ ርዳታው ግን ይጎዳናል። እንዲህ በሏቸው፦ «ዙለን ወ ኔደርላንትስ ስፕሬከን?»፣ ሆላንድኛ ብንነጋገርስ?

ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ቤታችሁ ከተከማቹት ደብዳቤዎች አንዱን አውጡ። የማታውቁትን ቃል ለጊዜው ተዉት። ግሶቹን ብቻ በእርሳስ አስምሩ፤ ሁለተኛ ቦታ ላይ ያለውን በአንድ መስመር፣ መጨረሻ ላይ ያለውን በሁለት መስመር። ከዚያ በሁለት መስመር የተሰመረባቸውን ሐረጎች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ወደ አማርኛ አንብቧቸው። የትኞቹ ሳይገለበጡ እንደተነበቡ፣ የትኞቹ እንዳስቸገሩ ጻፉና ይዛችሁ ኑ፤ ቀጣዩን ትምህርት ከዚያ ዝርዝር እንጀምራለን።